ከጓዳ የወጣ መዓዛ፤ የላስታ የቅቤ፣ የቅመምና የጢስ ቃላት ለሽቶ ስያሜ የሚሰጡት አገልግሎት

1. መነሻ

ስለ ሽቶ የተጻፉ የውጭ አገር ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ከሚገጥሙት እንቅፋቶች አንዱ፣ የምግብን መዓዛ መሠረት አድርገው የሚቀመሙ ሽቶዎች የሚገለጹበት ቋንቋ ነው። እነዚህ ሽቶዎች የአበባን ሳይሆን የቫኒላን፣ የማርን፣ የተቆላ ቡናን፣ የቀረፋን ወይም ትኩስ ዳቦን ጠባይ እንዲያስታውሱ ሆነው ይዘጋጃሉ፤ ከእነርሱም ዝግ ያሉት ለሥራ፣ ለገበያና ለቤት ውሎ በየቀኑ ይውላሉ። ተርጓሚው ነገሩን «የምግብ ሽታ ያለው ሽቶ» ብሎ ቢመልሰው የሰዋስው ስሕተት አልፈጸመም፤ ዳሩ ግን የአማርኛ አንባቢ የሚረዳው የደራሲውን ሐሳብ ተቃራኒ ነው። «ልብስህ የምግብ ሽታ አለው» ማለት በአማርኛ ነቀፋ ነውና።

ከዚህ ተነሥቶ ችግሩ የቃል እጦት ነው ወደሚል መደምደሚያ መድረስ ቀላል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ይህ መደምደሚያ ትክክል አለመሆኑን ማሳየት ነው። በምግብ መዓዛ ገላንና ፀጉርን ማሳመር በኢትዮጵያ ደጋ፣ በተለይም በላስታና በአካባቢው፣ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የዘወትር ልማድ ነው። ልማዱ የራሱ ግሶች፣ የራሱ ስሞችና የራሱ የአነጋገር ስልት አሉት። የጎደለው እነዚህን በመዝገበ ቃላት ውስጥ በሚገባ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ጉዳዩ ለሽቶ ነጋዴ ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ ሥነ ጽሑፍን፣ ቅዱሳት መጻሕፍትንና የዕፀዋት ጥናትን ለሚተረጉም ሁሉ ይገዳል።

2. ሦስት ሥሮች

ሀ. ቀብአ። የግእዙ ቀብአ (ቀብዐ ተብሎም ይጻፋል) ቀባ ማለት ነው። ከዚሁ የወጣው ቅብእ ዘይትን፣ ቅባትንና ቅቤን ያጠቃልላል። አማርኛ ቅቤ የሚለውን ስም ያገኘው ከዚህ ሥር ነው። እንግዲህ ዛሬ በመጀመሪያ የምግብ ስም መስሎ የሚታየን ቃል በሥሩ ሲመረመር «የሚቀባ ነገር» ማለት ሆኖ ይገኛል። ቅባት፣ ቅብዓ ቅዱስ፣ ቀለም ቀባ፣ ቅቤ ተቀባ የሚሉት ሁሉ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። አማርኛ ተናጋሪም ሽቶን «ተቀባ» እንጂ «ለበሰ» አይልም። በአንዳንድ ትርጉሞች ውስጥ ብቅ ማለት የጀመረው «ሽቶ መልበስ» የባዕድ ቋንቋ ጥላ ነው።

ለ. ቀመመ። ይህ ግስ ወጥን፣ መድኃኒትንና ሽቶን በአንድ ላይ ይገዛል። ወጥ ይቀመማል፤ መድኃኒት ይቀመማል፤ ሽቶም ይቀመማል። የሥራው ባለቤት በሦስቱም ቀማሚ ይባላል፤ የሥራው ዕቃ ደግሞ ቅመም ነው። ሌሎች ቋንቋዎች ወጥ ቤቱን፣ መድኃኒት ቤቱንና ሽቶ ቤቱን በተለያዩ ቃላት ሲለዩ አማርኛ አንድ አድርጎ ይዟቸዋል። ስለዚህ የምግብ መዓዛ ያለው ሽቶ ለአማርኛ እንግዳ ሐሳብ ነው ማለት አይቻልም፤ ግሱ ራሱ ይመሰክራልና።

ሐ. ዐጠነ። በግእዝ ዐጠነ ዕጣን አጤሰ፣ በጢስ ባረከ ማለት ነው፤ ዕጣንና ማዕጠንት ከዚሁ ይወጣሉ። በአማርኛ ግሱ ከቤተ መቅደስ ወጥቶ ጓዳ ገብቷል። የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ የወተት ዕቃም ይታጠናል፤ ልብስና ገላም ይታጠናሉ። ካህኑ ቤተ ክርስቲያኑን ሲያጥንና ባልቴቷ ጋኗን ስታጥን ቋንቋው ያለ አንዳች ኃፍረት ተመሳሳይ ቃል ይጠቀማል። «አጠነ» በሚል መግቢያ ሥር የቤተ ክርስቲያኑን ትርጉም ብቻ የሚሰጥ ብያኔ ግማሹን ጥሏል ማለት ነው።

3. በላስታ ደጋ

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ቀድሞ ሮሃ ትባል የነበረች ከተማ ናት። ከአለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያኗ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከከተማዋ በላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። አገሩ የገብስ፣ የባቄላ፣ የበግና የንብ አገር ነው። የአየሩ ቅዝቃዜና የፀሐዩ ብርታት ቆዳንና ፀጉርን ስለሚያደርቁ ቅቤ በዚህ ምድር የጌጥ ብቻ ሳይሆን የጤናም ዕቃ ነው።

ለፀጉር የሚሆነው ቅቤ ለወጥ ከሚሆነው በአዘገጃጀት ይለያል። የወጡ ቅቤ በኮሰረት፣ በበሶብላ፣ በኮረሪማና በእርድ ይነጠራል፤ ስሙም ንጥር ቅቤ ይባላል። የፀጉሩ ግን እሳት ሳይነካው ለጋ እንደ ሆነ፣ ደርቆ በተደቆሰና በተነፋ የአደስ ቅጠል ይለወሳል። ከራስ ሙቀትና ከፀሐይ የተነሣ ቅቤው ቀስ በቀስ ሲቀልጥ የአደሱም መዓዛ ቀስ በቀስ ይወጣል። በአንድ ጊዜ አይፈነዳም፤ ቶሎም አይጠፋም። በኬሚስትሪ በኩል ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስብ የቅጠሉን በራሪ ዘይት ይዞ ያዘገየዋል። ግራስ በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ የሽቶ ሠራተኞች የአበባን መዓዛ በንጹሕ ስብ ላይ ያጠምዱበት የነበረው ዘዴ የተመሠረተውም በዚሁ የስብ ጠባይ ላይ ነበር።

በአደስና በኮረሪማ መካከልም የዝምድና ክር አለ። በአደስ ቅጠል ዘይት ውስጥም በኮረሪማ ፍሬ ዘይት ውስጥም ሲኒዮል የሚባለው ውሕድ በብዛት ይገኛል። ለባሕር ዛፍ ያን ቀዝቃዛና አፍንጫ የሚከፍት ጠባይ የሚሰጠውም እርሱ ነው። ስለዚህ በፀጉር ላይ ያለው ቅቤና በድስት ውስጥ ያለው ቅቤ ለአፍንጫ ዘመዳሞች መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም።

ሁለተኛው የመዓዛ ምንጭ ጢስ ነው። በራያና በወሎ አካባቢ ወይባ ጢስ የሚባለው ልማድ ሴቶች፣ በተለይም ሙሽሮችና አራሶች፣ ጉድጓድ ላይ ተቀምጠው ጋቢ ወይም ቡልኮ ተከናንበው ገላቸውን የሚያጥኑበት ነው። እዚህ ላይ ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ወየበ የሚለው ግስ ወደ ቢጫነት አደላ ማለት ሲሆን፣ የመነኮሳት ቢጫ ልብስም ወይባ ይባላል። የዛፉን ስምና የቀለሙን ስም በአንድ መግቢያ ሥር ማስቀመጥ ወይም በሁለት መለየት በድምፅ መመሳሰል ብቻ ሊወሰን አይገባውም፤ ጢሱ በገላ ላይ የሚተወውን ቀለም ተናጋሪዎቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት ተጠይቆ መወሰን አለበት። ተመሳሳይ ጥንቃቄ ለቦታ ስምም ያስፈልጋል። ከላሊበላ በላይ ያለው የአሸተን ማርያም ገዳም ስም ለአንዱ ጆሮ «አሸተተን»ን፣ ለሌላው «እሸት»ን ያስታውሳል፤ ከጆሮ የተገኘ መመሳሰል ግን ለሥርወ ቃል ማስረጃ አይሆንም።

በጢስና በጣፋጭ ሽቶ መካከል ያለው ርቀትም እንደሚታሰበው ሰፊ አይደለም። እንጨት ሲነድ ሊግኒን የሚባለው የእንጨት ክፍል ይበታተንና መዓዛማ ውሕዶችን ይሰጣል፤ ከእነዚህም ውስጥ የቫኒላ መዓዛ ምንጭ የሆነው ቫኒሊን ይገኝበታል። በኢንዱስትሪም ቫኒሊን ከእንጨት ሊግኒን ሲመረት ኖሯል። በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ ለወተቱ የሚሰጠው ጣፋጭነት የሚመስል ጠባይ እንግዲህ የምኞት ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ማር ነው። በትውፊት የንጉሥ ላሊበላ ስም ሲወለድ በከበበው የንብ መንጋ ይተረጎማል፤ «ላል» የሚለውንም ክፍል ትውፊቱ ከአገውኛ ጋር አያይዞ በንብ ወይም በማር ይፈታዋል። በላስታ ያለው የብልብላ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም በውስጡ በሚኖሩት ንቦችና ምእመናን ለፈውስ በሚቀበሉት ማር የታወቀ ነው። ማር በዚህ አገር ምግብ፣ መጠጥ፣ መድኃኒትና የተቀደሰ ነገር በአንድነት ነው፤ «ማር ማር የሚል» ገላ ምስጋና መሆኑ ስለዚህ አያስደንቅም።

4. ሽታ፣ መዓዛ፣ ጠረን፣ ቃና

እነዚህ አራት ቃላት በብዙ ትርጉሞች ውስጥ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገቡ ይታያሉ። አገልግሎታቸው ግን የተለያየ ነው።

ሽታ አጠቃላይ ስም ነው። ግሱ ሸተተ ብቻውን ሲቆም ወደ መጥፎው ያደላል፤ «ሥጋው ሸተተ» ማለት ተበላሸ ማለት ነው። ስሙ ግን እንደ ግሱ አይደለም። ሽታዬ የሚለው የሴት ስም እንደሚያሳየው፣ ከባለቤትነት ቅጥያ ጋር ሲውል የፍቅር ቃል እስከ መሆን ይደርሳል። ሽቶ (በቀድሞው አጻጻፍ ሽቱ) ከዚሁ ሥር የወጣ ሲሆን ዛሬ ትርጉሙ እየጠበበ በጠርሙስ ወደሚሸጠው ፈሳሽ አዘንብሏል።

መዓዛ ከግእዝ የመጣና ለመልካም ሽታ ብቻ የሚነገር ነው። «መጥፎ መዓዛ» የሚለው አነጋገር ለጆሮ ይሻክራል። ከእርሱ ጋር የሚስማማው ግስ አወደ ነው፤ «ቤቱን አወደው» ሲባል መዓዛው ዙሪያውን መላው ማለት ነው። የግእዙ ዐወደ ዞረ፣ ከበበ ማለት መሆኑን ያስተዋለ አንባቢ ይህ ግስ የሽታን መስፋፋት እንዴት አድርጎ እንደሚሥል ይረዳል።

ጠረን የገላ ነው። የሕፃን ጠረን፣ የእናት ጠረን ይባላል፤ ውሻም የአውሬን ጠረን ይከተላል። ጠረን ባለቤት አለው፤ ባለቤቱን ያሳውቃል። በጎነቱና ክፋቱ ከቃሉ ሳይሆን ከአገባቡ ይገኛል።

ቃና የአፍና የአፍንጫ የጋራ ቃል ነው። የጠላ ቃና፣ የወጥ ቃና ሲባል ጣዕምና ሽታ ሳይነጣጠሉ ነው። ከዚህም በላይ ቃና የዜማ ነው። ይህ ድርብ ትርጉም ከዚህ በታች እንደምናየው ለሽቶ ስያሜ ታላቅ ጥቅም አለው።

እንግዲህ የዘወትር፣ ዝግ ያለና ከምግብ የተወለደ ሽቶ በአማርኛ እንዴት ይታያል? በጠረንና በመዓዛ መካከል ይቆማል ማለት ይቻላል። ተቀቢው የሚፈልገው ቤት የሚያውድ መዓዛን አይደለም፤ ቀርቦ ሰላም የሚለው ሰው የገላው የራሱ ጠረን ነው ብሎ የሚያስበውን መዓዛ ነው። የአደስ ቅቤ የተቀባች የላስታ ሴት በመንገድ ስታልፍ ማንም ዞር ብሎ አያይ ይሆናል፤ ያቀፋት ሁሉ ግን ያውቀዋል። የሽቶ ጸሐፊዎች በብዙ ቃላት ሊገልጹት የሚደክሙበትን ልዩነት አማርኛ በሁለት ስሞች ይዞታል።

5. «ማር ማር ይላል»

አማርኛ የአንድን ነገር ሽታ ወይም ጣዕም በሌላ ነገር ላይ ሲያገኝ ስሙን ደግሞ «ይላል» ወይም «ይሸታል» የሚል ግስ ያስከትላል። ለምሳሌ ያህል፦ ውኃው አፈር አፈር ይላል፤ ልብሱ ጢስ ጢስ ይሸታል፤ ጠላው ማር ማር ይላል። የዚህ ድግግም አገልግሎት በብዙ የሰዋስው መጻሕፍት ውስጥ ተገቢውን ቦታ አላገኘም።

ሁለት ነገሮች ሊስተዋሉ ይገባል። አንደኛ፣ ድግግሙ መኖርን ሳይሆን መምሰልን ያመለክታል። ማር ያለበት ጠላ «ማር አለበት» ይባላል፤ «ማር ማር ይላል» የሚባለው ግን ማሩ ባይኖርም ማርን የሚያስታውስ ነው። ይህ በትክክል «ከምግብ የተወሰደ መዓዛ» የሚለውን ሐሳብ ይሸከማል፤ በሽቶው ውስጥ ቡናም ሆነ ዳቦ የለምና። ሁለተኛ፣ «ይላል» እና «ይሸታል» እኩል አይደሉም። «ይላል» ለዘብ ያለና ለምስጋናም የሚሆን ሲሆን፣ «ይሸታል» ቶሎ ወደ አቤቱታ ይሄዳል። «ቅቤ ቅቤ ይላል» እና «ቅቤ ቅቤ ይሸታል» የሚሉትን ጎን ለጎን ያደመጠ ሰው ልዩነቱን ለማስረዳት ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

6. ስለ ስያሜዎቹ

የምግብ መዓዛ ያላቸው ሽቶዎች እንደ ራሱን የቻለ ክፍል መታየት የጀመሩት በቅርብ ጊዜ ነው። ቫኒሊን በኬሚካል ዘዴ የተሠራው በ1874 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ጌርላን የተባለው የፈረንሳይ ሽቶ ቤት በ1889 ዢኪ በተባለው፣ በ1925 ደግሞ ሻሊማር በተባለው ሽቶው ውስጥ የቫኒላን ጠባይ አስገብቷል። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የቲየሪ ሙግለር ኤንጀል ግን ኤቲል ማልቶል በተባለው፣ የተቃጠለ ስኳር በሚመስለው ውሕድ ላይ በመመሥረቱ የክፍሉ መጀመሪያ ተደርጎ ይቆጠራል። ፈረንሳዮች ክፍሉን «ጉርማንድ» አሉት። ይህ ቃል በአገሩ ቋንቋ መብል ወዳድን፣ ስስታምን የሚገልጽ ስለ ሆነ ቃል በቃል ቢተረጎም «ሆዳም ሽቶ» ይሆን ነበር፤ ማንም የማይገዛው ሽቶ ነው። የሚከተሉት አማራጮች ቀርበው ሊመረመሩ ይችላሉ።

ሀ. ጉርማንድ ብሎ መዋስ። ለሙያተኛ ይመቻል፤ ለአንባቢ ግን ምንም አያስታውስም።

ለ. ጣፋጭ ሽቶ። ቀላል ነው፤ ነገር ግን የጨው፣ የቅመም፣ የቡናና የጢስ ጠባይ ያላቸውን ያስወጣል። ከዚህም በላይ «ጣፋጭ» ለማንኛውም ደስ የሚል ነገር ስለሚነገር መለያ መሆን አይችልም።

ሐ. የጓዳ ሽቶ። ለጆሮ ሞቅ ያለና ከኑሮ የተወሰደ ነው። ጉድለቱ ጓዳ የምሥጢርንና የድብቅነትን ትርጉም ጨምሮ መያዙ ነው።

መ. ማዕዳዊ ሽቶ። ማዕድ ከሚለው ስም በታወቀው የ«-አዊ» ቅጥያ የተበጀ ሲሆን፣ የሚጣፍጠውንም የማይጣፍጠውንም የምግብ መዓዛ ያቅፋል፤ ነቀፋ አያስከትልም፤ እንደ አበባዊ፣ ዕንጨታዊ ካሉት ጓደኞቹ ጋርም በአንድ መስመር ይሰለፋል።

የጸሐፊው ምርጫ ለሙያ ጽሑፍ ማዕዳዊ የሚለው ነው። ለተራ ንባብ ግን ስያሜ ከማብዛት ይልቅ «ማር ማር የሚል»፣ «ቡና ቡና የሚል» እያሉ በድግግሙ መገልገል ይበልጣል።

«የየቀኑ» ለሚለው ሐሳብ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። አማርኛ ልብስን የክትና የዘወትር ብሎ ከከፈለ ዘመን የለውም። የዘወትር ሽቶና የክት ሽቶ ብንል ማንኛዋም የላስታ እናት ትረዳናለች። የክቱ ምሳሌም ሩቅ አይደለም፤ ዝባድ ነው። ከጥርኝ የሚገኘው ይህ ብርቱ ሽታ ከኢትዮጵያ በከብት ቀንድ እየታሸገ ወደ ውጭ ሲላክ ኖሯል። ስሙም ከዐረብኛው ዘባድ ጋር አንድ ሲሆን፣ የጣሊያንኛው ዚቤቶና የእንግሊዝኛው ሲቬት ከዚያው ምንጭ ተቀድተዋል። በጥቂቱ ካልሆነ በቀር የማይቻል ሽታ በመሆኑ ከአደስ ቅቤ ጋር ሲነጻጸር የሁለቱን ክፍል ልዩነት በሚገባ ያሳያል።

የሽቶ ጸሐፊዎች አንድን ሽቶ ሲገልጹ መጀመሪያ የሚሰማውን፣ በመካከል የሚቆየውንና በመጨረሻ የሚቀረውን ከሙዚቃ በተወሰደ ቃል ይጠሩታል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሴፕቲመስ ፒዬስ የተባለው እንግሊዛዊ ቀማሚ ሽታዎችን በዜማ ደረጃዎች አምሳል ደርድሯቸው ነበር። ይህን ቃል «ማስታወሻ» ብሎ መመለስ በተለያዩ ትርጉሞች መካከል ያለውን ልዩነት ከመዘንጋት የሚመጣ ስሕተት ነው። ቃና የሚለው ቃላችን ዜማንም ጣዕምንም አስቀድሞ ስለ ያዘ፣ የመግቢያ ቃና፣ የመካከል ቃና፣ የመሠረት ቃና ማለት ከምንጩ ቋንቋ ይልቅ የተሟላ ሥዕል ይሰጣል። ተቀቢው ካለፈ በኋላ በአየር ላይ ለሚቀረውም ዱካ የሚለው በቂ ነው፤ ፈረንሳዮች መርከብ በውኃ ላይ ትታው ከምትሄደው መስመር የተዋሱትን ምሳሌ እኛ ከእግር ዱካ እናገኘዋለን።

የስያሜዎቹን አገልግሎት ለማየት አንድ ዓረፍተ ነገር በሁለት መልክ እናስቀምጥ።

የመጀመሪያው፦ «የማርና የተቆላ ቡና ማስታወሻዎች ያሉት፣ ለዕለታዊ መልበስ የሚሆን፣ የምግብ ሽታ ያለው ቀላል ሽቶ።»

ሁለተኛው፦ «መግቢያው ማር ማር፣ መሠረቱ ቡና ቡና የሚል፣ ከገላ የማይርቅ፣ ዱካው አጭር የሆነ የዘወትር ሽቶ።»

ሁለተኛው ከመጀመሪያው የበለጠ መረጃ ይዞ አንድም እንግዳ ቃል አላስፈለገውም።

7. ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች

አደስ፣ አሪቲ፣ ጠጅ ሣር፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጦስኝ፦ እነዚህን ስድስቱንም «ሽታው ጥሩ የሆነ ቅጠል» ብሎ መበየን ይቻላል፤ ብያኔውም በስድስቱ ላይ እውነት ነው። ነገር ግን ስድስት ቃላትን በእኩል የሚገልጽ ብያኔ አንዳቸውንም አልገለጸም። በደጋው ሴቶች እጅ አደስ ለፀጉር፣ ኮሰረት ለንጥር ቅቤ፣ ጦስኝ ለሻይ፣ ጠጅ ሣር ለወለል መሆናቸው ከቅጠሉ መልክ ይልቅ የቃሉ ዋና ትርጉም ነው።

የዚህ ጉድለት ዋጋ በትርጉም ሥራ ላይ ይታያል። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አደስ የሚባለው ተክል ባርሰነት በሚል ስም ተመልሷል። የዕብራይስጡ ስም ሀደስ ሲሆን ከአማርኛው አደስ ጋር ያለው መቀራረብ ለዐይንም ለጆሮም ግልጽ ነው፤ የንግሥት አስቴር ሌላ ስም ሀደሳም ከዚሁ ነው። በላስታ ያለች አንባቢ በየሳምንቱ በፀጉሯ ላይ የምታደርገውን ቅጠል በቅዱስ መጽሐፏ ውስጥ ስታልፈው ሳታውቀው ትቀራለች። ባርሰነት የሚለው ቃል መወገድ አለበት ማለት አይደለም፤ የተማረ ቃል እንደ መሆኑ ቦታ አለው። ነገር ግን በአንደኛው መግቢያ ሥር ሁለተኛው ካልተጠቀሰ ሁለቱ ቃላት ሳይተዋወቁ ይኖራሉ።

ከላይ በተሰጡት ምክንያቶች የሚከተሉት የመግቢያ ናሙናዎች ቀርበዋል።

አደስ፤ (ስ.) ቅጠሉ የማይረግፍ መዓዛማ ቁጥቋጦ (ሚርተስ ኮሚዩኒስ)። ቅጠሉ ደርቆና ተደቁሶ ከለጋ ቅቤ ጋር ይለወስና ለፀጉር ይሆናል። መዓዛው ቀዝቀዝ ያለ፣ ወደ ኮረሪማ የሚያደላ። ባርሰነት የሚለውንም ይመለከቷል።

አጠነ፤ (ግ.) 1. ዕጣን አጤሰ። 2. ዕቃን፣ ልብስን ወይም ገላን መዓዛ እንዲይዝ በጢስ አሞቀ፤ ጋኑን በወይራ አጠነች።

አወደ፤ (ግ.) መልካም ሽታ ቦታን ዙሪያውን መላ። ለክፉ ሽታ በአብዛኛው አይነገርም።

ጠረን፤ (ስ.) የገላ ወይም የትንፋሽ ሽታ፤ ባለቤቱን የሚያሳውቅ። ከመዓዛ የሚለየው መልካምነቱ በቃሉ ውስጥ የተወሰነ ባለመሆኑ ነው።

ቃና፤ (ስ.) 1. የምግብ ወይም የመጠጥ ጣዕምና ሽታ በአንድነት። 2. የዜማ አካሄድ። 3. (በሽቶ ሥራ) በተራ ከሚሰሙት የመዓዛ ክፍሎች አንዱ፤ የመግቢያ፣ የመካከል፣ የመሠረት ቃና።

በቃላት ስብሰባ ረገድ ሦስት ምክሮች ይጨመራሉ። አንደኛ፣ ሰብሳቢው ቃሉን ከዕቃው ጋር ይጠይቅ፤ ቅጠሉን በእጁ ይዞ «ይህ ምንድን ነው?» ከማለት አልፎ «ለምን ይሆናል? ከምን ጋር ይለወሳል? የክት ነው የዘወትር?» ይበል። ሁለተኛ፣ ላስታ ከዋግ ጋር ስለሚዋሰንና በዋግ ኽምጣንጋ ስለሚነገር፣ የተክልና የጢስ ስሞች በሁለቱም ቋንቋዎች ጎን ለጎን ይመዝገቡ። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ስም የሚስማማው ግስ አብሮ ይያዝ፤ አደስ ይለወሳል፣ ወይራ ይታጠንበታል፣ ኮሰረት ይነጠርበታል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ስም ያለ ግሱ የተሰበሰበ እንደ ሆነ ተርጓሚው «ሽቶ መልበስ» ከማለት አይድንም።

እነዚህን ቃላት በሙሉ አገልግሎታቸው የሚያውቁት ቅቤውን በእጃቸው የለወሱ እናቶች ናቸው። በጠርሙስ የሚሸጠው ሽቶና የፀጉር ቅባት በየገበያው በተዳረሰበት በዚህ ጊዜ፣ ልማዱ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍበት መንገድ እየጠበበ ነው፤ ልማዱ ሲቀር ግሱም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ በሥራ ቅደም ተከተል የተክሎቹ ሳይንሳዊ መለያ በማናቸውም ጊዜ ሊጣራ የሚችል ሲሆን፣ የአገልግሎታቸው ቃላት ግን አስቀድመው መሰብሰብ ይኖርባቸዋል።